ስድስቱ ብሎኖች

አባቴ መኪና የሚመረምረው በጆሮው ነበር። ደንበኛው ገና ከመንገዱ ጥግ ሲታጠፍ አባቴ መፍቻውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ያዳምጣል። «የፊት ቀኝ ኩሽኔታ» ይላል። ወይም ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ዘይት ከቀየረ ስንት ጊዜው ነው?» ይላል። መኪናው ግቢያችን ገብቶ ሲፈተሽ ነገሩ እሱ እንዳለው ሆኖ ይገኛል። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ጋሽ ጆሮ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። እናቴ ስሙን አትወደውም። «ሌላው አካሉ የት ሄዶ ነው?» ትላለች። እሱ ግን ደስ ይለዋል፤ ሲጠሩት ጆሮውን በሁለት ጣቱ ይዞ «አቤት» ይላቸዋል።

ጋራዡ ማለት የቤታችን ግቢ ነው። ግማሹ ቆርቆሮ የለበሰ፣ አፈሩ በዘይት ብዛት የጠቆረ፣ ጥግ ላይ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ የተገጠመበት ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛ ያለው ግቢ። እናቴ የመኪና ወንበር ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ የተቀመጠው መስኮቱ ሥር ስለሆነ ቀና ባለች ቁጥር ግቢው ከነሰዉ ይታያታል። እኔ ወደ ጋራዡ ብቅ ያልኩ እንደሆነ መስኮቱን አንኳኩታ በጣቷ ታባርረኛለች። የትምህርት ቤት ልብሴን ግሪስ አስነክቼ የተቆጣችኝ ቁጣ ተቆጥሮ አያልቅም።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ሰሞን ግን ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ እናቴ ከአባቴ አሮጌ ቱታ በልኬ የተቆረጠ ትንሽ ቱታ ሰፍታ ጠበቀችኝ። እጅጌውን እያስተካከለች «ከዛሬ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ከአባትሽ ጎን ነሽ» አለችኝ። «ቅዳሜም ጭምር። ምን እንደፈታ፣ የት እንዳስቀመጠው፣ ሁሉንም ልብ ብለሽ እያየሽ። እንዳትርቂው።»

ዕድገት ያገኘሁ መሰለኝ። ጎበዝ ስለሆንኩ፣ አባቴ ራሱ ስለፈለገኝ ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። እናቴ ቱታዬን ስትቆልፍልኝ አንዱን ቁልፍ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሳተችው አልጠየቅኋትም። ስትሰፋ የዋለች ሴት እጇ ይደክማል ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ካሰብኩም።

አባቴ «አለቃ» አለኝ በዚያው ቀን። ስሜ እሱ ሆኖ ቀረ። ፈተናውም ያን ቀን ተጀመረ። ሥራውን መሀል ላይ ያቆምና ወደ እኔ ዞር ብሎ «እሺ አለቃ፣ ቀጥሎ ምንድን ነው?» ይለኛል። እኔ ያየሁትን አስታውሼ «ጎማውን መፍታት!» ወይም «ዘይቱን ማፍሰስ!» እላለሁ። ያን ጊዜ ፊቱ እንዴት እንደሚፈካ! «ጎበዝ። እርግጠኛ ነሽ?» ይለኛል። «እርግጠኛ ነኝ!» እላለሁ። ከዚያ ይሠራል። እጁ አንዴ ከጀመረ ማንም አያቆመውም፤ ጣቶቹ ብሎኑን ሳያይ ያገኙታል። አልፎ አልፎ ስሳሳት «አይ፣ እስቲ ደግመሽ አስቢ» ይላል። ደግሜ አስባለሁ። እሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። በቀን ስንት ጊዜ መልሱን የማውቀውን ጥያቄ እጠይቃለሁ። መልሱን እያወቀ የሚጠይቅ ሰው ድምፁ መጨረሻ ላይ ዘና ይላል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል። የአባቴ ድምፅ ዘና አይልም ነበር። ይሄን ለመስማት ግን የሱን ጆሮ አልወረስኩም።

ከአጥራችን ማዶ አንድ በያጅ ነበር። ልጅ ሆኖ ከአባቴ ጋር ሥራ የጀመረ፣ ኋላ የራሱን ቤት የከፈተ ሰው ነው። የብየዳ መነጽሩን ሁልጊዜ ግንባሩ ላይ ስለሚያደርገው እኔ በልቤ «አራት ዓይናው» እለዋለሁ። በዚያ ሰሞን መፍቻ ሊዋስ፣ ክብሪት ሊለምን፣ ዝም ብሎ ሰላም ሊል በቀን ሦስት አራት ጊዜ መምጣት አበዛ። ሲመጣ ደግሞ አባቴ የሠራውን ጎንበስ ብሎ ያያል፤ አንዳንዴ አንድ ነገር ነካ ነካ ያደርጋል። ሌባ ነው ብዬ ጠረጠርኩት። የአባቴን ሙያ ሊሰርቅ ነው ብዬ ዓይኔን አልነቅልበትም ነበር።

አንድ ቀን ከመስኮቱ ሥር ጎማ ላይ ተቀምጬ እሱና እናቴ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ጋሼ ትናንት የባለታክሲውን ፍሬን ፈታተው አወጡትና» አለ በያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰውዬው አጠገባቸው ቆሞ እያለ ‹ወንድሜ፣ ምን ልርዳህ?› አሉት።»

በሳቅ ፈነዳሁ። አባቴ ቀልደኛ ነው፤ ሰውዬው ላይ አላገጠበት ማለት ነው። እነሱ አልሳቁም።

«ደክሞት ነው» አለች እናቴ። መርፌ በጥርሷ ይዛ ስለነበር ቃሉ ተንሻፎ ወጣ።

«እሱስ ድካም ነው፣ እትዬ። ደንበኛ ግን አይመለስም። ማን ቀረ? ዶክተሯ ብቻ ናት የቀረችው። የሷን መኪና በደንብ ከሠሩላት ወሬው ይበርዳል፤ ሰው ሁሉ ያምናታል።»

«ካልሠራላትስ?»

«ካልሠሩላትማ ማን ዳግመኛ መኪናውን ይሰጣቸዋል? እዚሁ ላይ ያበቃል።»

እናቴ መርፌውን ከአፏ አውጥታ ልብሱ ላይ ሰካችው። «ሥራውን ያጣ ዕለት እሱንም እናጣዋለን» አለች። እኔ የገባኝ የዶክተሯ መኪና ትልቅ ፈተና እንደሆነች ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና እንደሚሉት። አለቃው እኔ ስለሆንኩ ደግሞ የምናልፈው አብረን ነው።

ዶክተሯ የከብት ሐኪም ናት። ረጅም፣ ጉልበቷ ድረስ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ የማይለያት፣ ሰው በማይደርስበት ቦታ ሁሉ ላም ልታዋልድ የምትሄድ ሴት። መኪናዋ ድሮ ነጭ የነበረች የገጠር መንገድ መኪና ናት፤ «በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እሺ ብላ የምትታዘዘኝ ግን እሷ ብቻ ናት» ትላለች። ጋቢናው ውስጥ መድኃኒትና የከብት ሽታ አለ።

የመጣች ዕለት አባቴ ገና ከጥጉ ሰማት። እኔም ሰማሁ፤ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ከኋላዋ «ቋ፣ ቋ» ትላለች።

«የኋላ ባሌስትራ ቡሽ» አለ አባቴ። «ሁለቱም ጎን።»

ቡሽ ማለት መሀሉ የብረት ቱቦ ያለው ድፍን ላስቲክ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ያህላል። ባሌስትራው፣ ያ እንደ ቀስት የጎበጠ ተደራራቢ ብረት፣ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ መሀል ገብቶ ብረት ብረትን እንዳይመታ ያደርጋል። የዶክተሯ ላስቲኮች አልቀው ብረቱ እርስ በርሱ ይፋጭ ነበር።

«ጋሽዬ፣ የምሄድበትን መንገድ ያውቁታል» አለችው ዶክተሯ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ። «ሌላ ጋራዥ ውሰጂያት ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ።»

«እነማን?» አለ አባቴ።

ዶክተሯ እናቴን አየቻት። «ሰዎች» አለች።

«ሰው መቼ ዝም ይላል፣ ልጄ» አለና ሳቀ። ቁልፉን ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። «አለቃ ትያዘው።»

ያን ዕለት አባቴ እንደ ጥንቱ ነበር። የኋላዋን በክሪክ አነሳት፣ አካሏን ብረት መቆሚያ ላይ አሳረፋት፣ ጎማዎቹን ፈታ። የዛጉትን ብሎኖች ናፍጣ አጠጥቶ ለነገ አሳደራቸው። ከዚያ እጁን እየጠረገ አጠገቤ ተቀመጠና ሳልጠይቀው አስተማረኝ።

«አዲሱን ቡሽ ስንከት ብሎኑን በጣት ብቻ ነው የምናስገባው። አናጠብቅም። ለምን?»

አላውቅም አልኩት። የቱታዬን እጅጌ ክንዴ ላይ ጨምድዶ ያዘ። «አሁን ክንድሽን አዙሪው» አለኝ። አዞርኩት። ጨርቁ ተጠምዝዞ ስፌቱ ተንጣጣ።

«አየሽ? አሁን አየር ላይ ተንጠልጥላለች፤ ባሌስትራው ሥራ ላይ አይደለም። እንዲህ እንዳለች ብናጠብቀው ላስቲኩ እንደያዝነው ይቀራል። መሬት ስትወርድ ደግሞ ባሌስትራው ይዘረጋል፣ ላስቲኩ ይጠመዘዛል፣ በሦስት ሳምንት ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎማ፣ ከዚያ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወዝወዝ ታደርጊያታለሽ፣ በእግሯ ከቆመች በኋላ ታጠብቂያለሽ። ይሄን ያላወቀ መካኒክ አይባልም።»

አንድም ቃል አልተደናቀፈም። እናቴ በመስኮቱ ሰምታው ኖሮ የስፌት መኪናዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ስመለከታት ፈገግ ብላለች።

በማግስቱ በያጁ መጥቶ አሮጌዎቹን ላስቲኮች በእሳት አቃጠላቸው። ጥቁር ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ጎረቤት ልብሱን ከገመድ ላይ እየሰበሰበ ሰደበን። አባቴ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን የውጭውን የብረት ቀለበት በመጋዝ ሰንጥቆ አወጣው። የሚቀጥለው ቀን አዲሶቹን በሳሙና ውሃ አርሰን በሞርሳ እየጨመቅን ከተትን። አንዱ ጠማማ ገብቶ ሲያስቸግረን አባቴ ላስቲኩን «እባክህ፣ እኔና አንተ ተዋውቀናል» እያለ ይለማመጠው ነበር። «ቀጥሎ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በእነዚያ ቀኖች በጣም በዛ። አንዱን ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ሰለቸኝ። አለቃ የተባለ ሰው በየደቂቃው እንዴት ይፈተናል?

ቅዳሜ መግጠም ብቻ ቀረን። በያጁ ጠዋት የአንድ ትምህርት ቤት በር ሊተክል ሄደ። እናቴ የሰፋችውን የወንበር ልብስ ለማድረስ ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። «አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እመጣለሁ። ዓይንሽን እንዳትነቅዪበት» አለችኝ። «አባዬ እኮ ነው» አልኳት። ልክ የሆነ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ።

ባሌስትራዎቹን ወደ ቦታቸው መለስን። በአንድ ጎን ሦስት፣ በሌላው ጎን ሦስት፣ ስድስት ብሎን አስገባን። እኔ ዳዶዎቹን በጣቴ እያዞርኩ እስከሚይዙ ድረስ አስገባኋቸው። አባቴ ተንጋሎ ከመኪናዋ ሥር ነበር። ብርሃኑ በጎማው ቦታ በኩል ፊቱ ላይ ያርፋል።

«እሺ አለቃ» አለ። «ቀጥሎ ምንድን ነው?»

አውቀዋለሁ። ጎማ፣ መሬት፣ መወዝወዝ፣ ከዚያ ማጥበቅ። ክንዴ ላይ እጅጌዬን ጨምድዶ ያስተማረኝን እንዴት እረሳለሁ? ግን ያን ቀን ሰይጣን ሹክ አለኝ። ሁልጊዜ እሱ እኔን ይፈትነኛል፤ ዛሬ እኔ እሱን ብፈትነውስ? የተሳሳተውን እነግረዋለሁ፣ እሱ «አንቺ ሌባ!» ብሎ ጆሮዬን ይዞ ይስቃል። ሳቄን በእጄ አፍኜ «ማጥበቅ!» አልኩት።

«ማጥበቅ» አለ አባቴ ለራሱ። «አዎ። ማጥበቅ።»

መፍቻውን አንስቶ እጀታውን በቱቦ አስረዘመው። ፊቱን እያየሁ ሳቁን ጠበቅሁ። የመጀመሪያው ብሎን ሲጠብቅ ሲጥጥ አለ። እያላገጠብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛው ጠበቀ።

«አባዬ።»

«እ?»

«እርግጠኛ ነህ?»

እጁ ቆመ። ከመኪናዋ ሥር አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ። ያን ጊዜ የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ፈታኙን ትፈትኚዋለሽ እንዴ የሚል ዓይን። ያ ዓይን ይለምነኝ እንደነበር የገባኝ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ሐኪም ለበሽታው ስም ሲያወጣለት ነው።

«አንቺስ?» አለኝ። «አንቺስ እርግጠኛ ነሽ?»

ጨዋታውን መልሶ ወደ እኔ አዞረው ማለት ነው። አለቃ ደግሞ ወደ ኋላ አይልም። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩት።

ፊቱ ፈካ። ተመልሶ ገባና አራቱን አጠበቃቸው። በሙሉ ክብደቱ፣ ደም ሥሩ አንገቱ ላይ እስኪገተር። እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ ተመለከትኩት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «ውሸቴን ነው» ማለት። አንዴ ካታለልኩት በኋላ፣ አታለልኩህ ብሎ መናገር ከመኪናዋ የበለጠ የከበደኝ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ብሎኖቹ ሲያልቁ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አገኘሁ። አባቴ የማያውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው። ምናልባት ይቺ መኪና ሌላ ዓይነት ናት። ይሄን ይዤ ተረጋጋሁ።

ጎማዎቹን አስረን ስናወርዳት መኪናዋ ልትነሳ እንዳለች ዶሮ ከኋላዋ ትንሽ ቀና ብላ ቀረች። እናቴ ላብ በላብ ሆና ገባች።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን» አለ አባቴ።

እናቴ ግን የጠየቀችው እኔን ነበር። «ሁሉም እንደሚሆነው ሆነ?»

«አዎ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ዶክተሯ መጥታ ነድታት ስትወጣ መኪናዋ ድምፅ አልነበራትም። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጥጉን እስክትታጠፍ ድረስ ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጣት። «ዝም ብላለች» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ለአንድ ሥራ እንዲህ ሲሆን አይቼው ስለማላውቅ ገረመኝ። በዚያው ሳምንት ዶክተሯ የላከችው አንድ ሰው መጣ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ባለታክሲው ራሱ ተመልሶ መጣ። በያጁ ከአጥሩ ማዶ ያፏጭ ጀመር። እናቴ እየሰፋች ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት፣ አባቴ የባለታክሲውን መኪና እየሠራ ሳለ መፍቻውን እንደያዘ ቀጥ አለ። እኔም ሰማሁት። ቋ፣ ቋ።

«የኋላ ባሌስትራ ቡሽ» አለ አባቴ። «ሁለቱም ጎን።» ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። «ማን ይሆን እንዲህ አድርጎ የሠራለት?»

መኪናዋ በበሩ ስትገባ እናቴ ከወንበሯ ተነሳች።

ዶክተሯ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ጋሽዬ፣ ትንሽ ድምፅ ጀምራለች» ብቻ ነው ያለችው ቁልፉን ስትሰጠው፣ ራሷ የሰበረችው ይመስል። በያጁ በአጥሩ ክፍተት መጥቶ መብራት ይዞ ከሥር ገባ። ወዲያው አልወጣም። ሲወጣ ለማንም ሳይሆን ለመሬቱ «ተንጠልጥላ እያለች ነው የጠበቀው» አለ።

«ማለት?» አለ አባቴና እሱም ገባ። የተቀደደውን ላስቲክ በጣቱ ሲዳስስ ከሥር ይታየኛል። ያ ሁሉ እውቀቱ በዚያች ደቂቃ ሙሉውን ተመልሶ መጣለት። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቶ አላየሁትም።

«ይሄን ያደረገ ሰው የሰው መኪና መንካት የለበትም» አለ። «ይቺ ልጅ የምትሄደው ገደል ለገደል ነው። ብትሞትስ? ማን ነው ያጠበቀው?»

በያጁ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገው፤ የሚበየድ ነገር አልነበረም። ዶክተሯ የቦቲዋን ጫፍ ታያለች። እናቴ መስኮቱ ላይ በሁለት እጇ ተደግፋለች።

አባቴ አንድ በአንድ አየንና እኔ ላይ አቆመ። «አለቃ» አለኝ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ማን ነው ያጠበቀው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፈተና አልነበረም። አንድም ቀን ፈተና ሆኖ አያውቅም። አባቴ የሚጠይቀኝ ስለማያውቅ ነበር። ያጠበቀው እጁ መሆኑንም አያውቅም።

«እኔ ነኝ ያልኩህ» ማለት እችል ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር።

«አንተ ነህ» አልኩት።

ውሸት አይደለም። ያጠበቀው እሱ ነው።

ሁለት እጆቹን አንስቶ አያቸው፤ ፊትና ኋላቸውን። «እኔ ከሆንኩ» አለ፣ «እንግዲያው አበቃ።» ወደ ውሃው በርሜል ሄዶ እጁን በዱቄት ሳሙና ታጠበ፣ ጥፍሩን ሳይቀር። ቱታውን አውልቆ አጣጠፈና ቁልፉን ለዶክተሯ መለሰላት። «ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። ዛሬውኑ» አላት።

«ጋሽዬ፣ ቡሽ እኮ ነው፤ ይቀየራል» አለች። እያለቀሰች ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ እሸከመው ነበር። ግን በማግስቱ ጠዋት አባቴ ቱታውን ለብሶ፣ ዳቦውን እያኘከ፣ ወደ ግቢው ወጣ። ረስቶታል። እናቴ ተከትላው ወጥታ ክንዱን ይዛ ስትነግረው በመስኮቱ አየሁ። የዶክተሯ መኪና መበላሸቷን፣ ተንጠልጥላ መጠበቋን፣ ከትናንት ጀምሮ ሥራ ማቆሙን። ያዳምጣል፤ ፊቱ ይጠቁራል፤ ይቆጣል። «ማን ነው ያጠበቀው?» ይላል። እሷ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። እሱም ወደ ቤት ይገባና እኔን ይጠይቀኛል፤ ምክንያቱም አለቃ አይዋሽም።

«አንተ ነህ» እለዋለሁ።

እንደ አዲስ ይሰማዋል። እጆቹን እንደ አዲስ ያያል። «እንግዲያው አበቃ» ይላል፣ ቱታውን ያወልቃል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በማግስቱ ደግሞ እንደገና። እናቴ ቱታውን ደበቀችው፤ ሸሚዙን ለብሶ ወጣ። መፍቻዎቹን በያጁ ወሰዳቸው፤ አባቴ ሌባ ገባ ብሎ ሰፈሩን ቀሰቀሰ። ያን ክረምት አባቴ ሥራውን ስንት ጊዜ እንዳጣው መቁጠር አልችልም። እያንዳንዷን ጊዜ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ካደግሁ በኋላ ለእናቴ ሁሉንም ነግሬያት አውቃለሁ። «ያን ቀን ባይሆን በሳምንቱ ይሆን ነበር» አለችኝ። «አንቺን እዚያ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ የአንድን ሰው አእምሮ ጫንኩ።» ልክ ናት። ልክ መሆኗን አውቃለሁ፤ አላቀለለልኝም።

ያኔ ግን አንድ ጠዋት ያንን መልስ መድገም አልቻልኩም። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ ነው። አባቴ እንደልማዱ ከግቢው ተመልሶ ፊቴ ቆመ። «አለቃ፣ ማን ነው ያጠበቀው?» አለኝ። ሻዬ ከእጄ ተደፋ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «አጥብቅ ያልኩህ እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ፣ አባዬ። ልፈትንህ ብዬ ነው።» ለቅሶዬ አላናግር አለኝ።

ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ፊቴን በመዳፉ ጠረገው። «አይዞሽ» አለኝ። «ልጅ አይደለሽ? ሁሉም ሲማር ይሳሳታል። እኔስ ስንቱን አበላሽቻለሁ።» ቀና ሲል ፊቱ እንደድሮው ፈክቶ ነበር። «በይ፣ እናስተካክለው። እኔ ካልሆንኩማ ምን ያስቀምጠኛል?»

እጄን ይዞ ወደ ግቢው ሮጠ ማለት ይቻላል። ግቢው ባዶ ነበር። ሞርሳው ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አራት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። አባቴ መሀሉ ላይ ቆሞ ዙሪያውን አየ። «መኪናዋስ?» አለኝ። ወደ በሩ ሄዶ መንገዱን አየ። «ዕቃዎቼስ? ቁልፉን ለአንቺ ሰጥቼሽ አልነበር?» አለ። ከዚያ ወደ መንገዱ ወጥቶ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በእጁ እያስቆመ «የዶክተሯን መኪና አይታችኋል?» ማለት ጀመረ። በያጁና እናቴ ይዘው እስኪመልሱት ድረስ ፀሐይ አናት ላይ ደረሰች። ያን ቀን እስኪመሽ በሩን በመዳፉ ሲመታ ዋለ፤ የሚሠራው ሥራ ነበረው እኮ። እናቴ በሩን በጀርባዋ ደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። እኔን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከግቢው ተመልሶ መጣ። ዳቦውን ይዟል። እናቴ ነግራዋለች መሰለኝ፣ ፊቱ ጠቁሯል።

«አለቃ» አለኝ፣ «ማን ነው ያጠበቀው?»

እናቴን አየኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አንተ ነህ፣ አባዬ» አልኩት።